ከሸዋ ሮቢት ማሾ እስከ ዓለም ገበያ፦ የዓለም አቀፍ ንግድ ስትራቴጂ ትምህርት ምንነትና ጠቀሜታ

ዓለም አቀፍ የንግድ ስትራቴጂ አንድ ድርጅት ከአገሩ ድንበር ውጭ የትኛውን ምርት፣ ለየትኛው ገበያ፣ በምን መንገድና ከማን ጋር ሆኖ ማቅረብ እንዳለበት የሚወስንበት የዕውቀት ዘርፍ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጆች በማኔጅመንት፣ በማርኬቲንግ፣ በኢኮኖሚክስ እንዲሁም በሎጂስቲክስና አቅርቦት ሰንሰለት የትምህርት ክፍሎች ውስጥ ይዘቱ በተለያየ ስያሜ ይሰጣል። ብዙ ተማሪዎችና ወላጆች ግን ትምህርቱ በትላልቅ የውጭ ኩባንያዎች ለመቀጠር ለሚሹ ብቻ የተዘጋጀ አድርገው ይወስዱታል። ይህ ግምት ትክክል አለመሆኑን ለመረዳት በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኘውን የይፋት ቆላ መመልከት ይበቃል። በዚያ የሚመረተው ማሾ የሚሸጥበት ዋጋ በአመዛኙ የሚወሰነው ከአካባቢው በሺዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀው በሚገኙ አገሮች ውሳኔ በመሆኑ፣ ጉዳዩ የአርሶ አደሩንና የልጆቹን ኑሮ በቀጥታ የሚነካ ነው።

ይህ ጽሑፍ የትምህርቱን ዋና ዋና ሐሳቦች በዚሁ በአንድ ምርት ምሳሌነት ያስረዳል፤ ዘርፉን ለመምረጥ የሚያስቡ ተማሪዎች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ነጥቦችንም ያመላክታል።

ይፋትና የሩቅ ገበያ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን የሚነሳ ተጓዥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለውን የጣርማ በር ብርድ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ሞቃት ሜዳ ይወርዳል። አካባቢው በቀይ ሽንኩርት፣ በጤፍ፣ በማሽላ፣ በትንባሆና በማሾ ምርት ይታወቃል። በስተምሥራቅ ከአፋር ክልል፣ በስተሰሜን ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጋር የሚዋሰን በመሆኑም አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ አፋርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች በገበያ ቀን የሚገናኙበት ነው።

ይፋት ከዓለም ንግድ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት ከመሀል አገር ወደ ዘይላ ወደብ በሚዘልቀው የቅፍለት መንገድ ላይ የተመሠረተ ኃይል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከአንኮበር ግርጌ ያለችው የአልዩ አምባ ገበያ የደጋውን እህል፣ የቆላውን ጨውና ቡና፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ጨርቅ የምታገናኝ የንግድ ከተማ ሆና አገልግላለች። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት የዚህን መሥመር ጥቅም በመረዳት ነበር። ነጋዴው የት እንደሚያርፍ፣ ቀረጥ ለማን እንደሚከፍል፣ ከየትኛው ጎሣ ጋር ተማምኖ በረሃውን እንደሚሻገር አስቀድሞ ያሰላ ነበር። በዛሬው ዘመን ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የሚማሩት ስለ መሥመር፣ ስለ ሸሪክና ስለ ሥጋት የሚነሳ ጥያቄ በመሠረቱ ከዚያ የተለየ አይደለም፤ የተለወጡት መሣሪያዎቹና ሕጎቹ ናቸው።

ማሾ ለምን ምሳሌ ሆነ?

ማሾ ከ60 እስከ 75 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደርስ፣ የዝናብ እጥረትን በአንጻራዊነት የሚቋቋምና የአፈር ለምነትን የሚያግዝ ጥራጥሬ ነው። በዚህም የተነሳ ለቀወት፣ ለኤፍራታና ግድም እና ለአጎራባች ወረዳዎች ቆላማ ቀበሌዎች ተስማሚ ሆኗል። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ «ራሳ» የሚል መጠሪያ የተሰጠው ሲሆን፣ ራሳ በይፋት ቆላ የሚገኝ ሥፍራ ስም ነው።

ከሌሎች የአካባቢው ሰብሎች የሚለየው ግን አርሶ አደሩ በአብዛኛው ለራሱ ማዕድ ሳይሆን ለገበያ የሚያመርተው መሆኑ ነው። ጤፍና ማሽላ ዋጋቸው ቢወርድ በቤት ይበላሉ። ማሾ ግን ገዢው ከባሕር ማዶ በመሆኑ፣ የውጭው ገበያ ሲቀዘቅዝ በጎተራ ያለው ምርት የቤተሰቡን ወጪ የሚሸፍንበት አቅም ወዲያውኑ ያንሳል። የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ፣ የማዳበሪያ ክፍያና የብድር ዕዳ ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2006 ዓ.ም. አረንጓዴ ማሾን ከሚያገበያያቸው ምርቶች ጋር ቀላቅሏል። አሠራሩም ምርቱ ወደ መጋዘን ሲገባ ናሙና ተወስዶ ደረጃ እንዲወጣለት፣ ተመዝኖ የመጋዘን ደረሰኝ እንዲሰጥበት፣ ከዚያም ሻጭና ገዢ ምርቱን በአካል ሳያዩ በደረጃው ላይ ተማምነው እንዲገበያዩ ማድረግ ነው። ይህ ለአርሶ አደሩና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሁለት ጥቅሞች አሉት፤ ዋጋው በይፋ ይታወቃል፣ ክፍያውም የተረጋገጠ ይሆናል። በሌላ በኩል ምርት በደረጃ ሲሸጥ የአንዱ አምራች ማሾ ከሌላው ጋር ተመሳሳይ ተደርጎ ይቆጠራል። ልዩነት የሌለው ምርት የያዘ ሻጭ ደግሞ የሚወዳደረው በዋጋ ብቻ ነው። የስትራቴጂ ትምህርት መነሻ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ከሌሎች ጋር አንድ ዓይነት ምርት የያዘ ሻጭ በምን ሊለይ ይችላል?

አራቱ ርቀቶች

በዘርፉ በስፋት ከሚሰጡት የትንተና ስልቶች አንዱ ምሁሩ ፓንካጅ ጌማዋት እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት የርቀት ማዕቀፍ ነው። በዚህ መሠረት በሁለት አገሮች መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም፤ ባህላዊ፣ አስተዳደራዊ፣ መልክዓ ምድራዊና ኢኮኖሚያዊ ተብሎ በአራት ይከፈላል።

ባህላዊ ርቀት የአመጋገብ ልማድን፣ ቋንቋንና የንግድ ወግን ይመለከታል። ማሾ በህንድ የወጥ እህል፣ በሩቅ ምሥራቅ አገሮች ደግሞ በብዛት የሚበቅልና እንደ አትክልት የሚበላ ነው። ለማብቀያ የሚፈልገው ገዢ የዘሩን የመብቀል አቅም ይጠይቃል፤ ለክክ የሚፈልገው ደግሞ የፍሬውን መጠንና ንጽሕና ያስቀድማል። አንዱን ማሾ ለሁለቱም በአንድ መልክ ማቅረብ ከሁለቱም የተሻለ ዋጋ ያሳጣል።

መልክዓ ምድራዊ ርቀት ምርቱ ወደብ ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜና ወጪ ያካትታል። ከሸዋ ሮቢት የሚነሳ ጭነት ወደ ሰሜን በከሚሴና በኮምቦልቻ፣ ከዚያም በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ሊያመራ ይችላል። ይሁን እንጂ ምርቱ ለማበጠሪያ አስቀድሞ ወደ መሀል አገር ከተጓዘ ጭነቱ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። ኢኮኖሚያዊ ርቀት ደግሞ የሸማቹን የመግዛት አቅምና የአምራቹን የወጪ ደረጃ ያነጻጽራል።

ከሁሉ ይበልጥ ለይፋት ትምህርት የሚሰጠው አስተዳደራዊው ርቀት ነው። ህንድ ማሾን በማምረትም በመመገብም በዓለም ቀዳሚ አገር ናት። የራሷ ገበሬዎች ምርት በበዛበትና ዋጋ በወረደበት ወቅት፣ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ከውጭ የሚገባው የማሾና የኡራድ ጥራጥሬ መጠን በዓመት ከ300 ሺህ ቶን እንዳይበልጥ ወሰነች። በ2013 ዓ.ም. ገደቡን አንስታ ገበያውን ብትከፍትም፣ በ2014 ዓ.ም. ማሾን መልሳ በገደብ ሥር አስገብታለች። ውሳኔው የዚያችን አገር ገበሬ ለመጠበቅ የተወሰደ እንጂ ማንንም ለመጉዳት የታለመ አልነበረም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ውሳኔ የዓለም ዋጋን ስለሚያናጋ ውጤቱ ህንድን በካርታ ላይ እንኳ ላላየ አምራች ጭምር ይደርሳል።

ከዚህ የሚወሰዱት ትምህርቶች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የቀረጥ ነጻ ዕድል ብቻውን ገበያን አያረጋግጥም፤ ቀረጥ ቢነሳም የመጠን ገደብ በሩን ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛ፣ በአንድ ገዢ አገር ላይ መንጠልጠል የአምራቹን ዕጣ ለሌላ አገር የመኸር ውጤት አሳልፎ መስጠት ነው። የገበያ ስብጥር የሚባለው ጉዳይ በክፍል ውስጥ ሲነገር ረቂቅ ሐሳብ ቢመስልም በቆላው ጎተራ ውስጥ የሚታይ እውነታ ነው።

ትርፍና ኪሳራ የሚለዩበት ስሌት

ስትራቴጂ ያለ ስሌት ምኞት ሆኖ ይቀራል። ተማሪዎች የሒሳብ አያያዝ፣ የስታቲስቲክስና የፋይናንስ ኮርሶችን በጥሞና እንዲከታተሉ የሚመከረውም ለዚህ ነው። የሚከተለው ለማስረጃ ያህል የቀረበ ምሳሌ እንጂ የወቅቱ የገበያ ዋጋ አይደለም።

አንድ ላኪ አንድ ቶን ማሾ በገዢው አገር ወደብ ለማስረከብ በ900 ዶላር ተዋዋለ እንበል። ከአካባቢው ገበያ አንዱን ቶን በ650 ዶላር ተመጣጣኝ ብር ገዝቷል። ምርቱ ሲበጠር 4 በመቶው በአፈር፣ በጠጠርና በተሰባበረ ፍሬ ይወገዳል። ስለዚህ አንድ ቶን ንጹሕ ማሾ ለማግኘት የሚያወጣው 650 ሳይሆን 677 ዶላር ያህል ነው። ለማበጠሪያ፣ ለጆንያ፣ ለተባይ ማጠኛና ለምስክር ወረቀት 40፣ እስከ ጅቡቲ ላለው ጭነትና ለወደብ አገልግሎት 90፣ ለባሕር ጭነትና ለኢንሹራንስ 60 ዶላር ቢያወጣ ጠቅላላ ወጪው 867 ዶላር ይደርሳል። የሚተርፈው 33 ዶላር ነው።

አሁን ክፍያው በሦስት ወር ዘገየ እንበል። ላኪው ሙሉውን ወጪ በዓመት 16 በመቶ ወለድ በሚታሰብበት ብድር ሸፍኖ ከሆነ፣ የሦስት ወሩ ወለድ 35 ዶላር ያህል ይሆናል። ትርፍ የመሰለው ሥራ በ2 ዶላር ኪሳራ ተዘጋ። በዚህ ምሳሌ ላኪውን የጣለው የመግዣ ዋጋው ወይም የወደቡ ወጪ ሳይሆን የክፍያው ውል ነው። የባንክ የመተማመኛ ሰነድ፣ የቅድሚያ ክፍያና በሰነድ ልውውጥ የሚፈጸም ክፍያ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ የማያውቅ ላኪ የአርሶ አደሩን ዋጋ በመጫን ጉድለቱን ለማካካስ ይገፋፋል። ውል የማዋዋል ችሎታ ከአርሶ አደሩ ገቢ ጋር የሚገናኘውም በዚህ መንገድ ነው።

በተመሳሳይ ሁኔታ ሻጩና ገዢው ጭነቱን፣ ኢንሹራንሱንና ሥጋቱን የት ላይ እንደሚረካከቡ የሚደነግጉት የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት የማስረከቢያ ውሎች፣ ማሾን በቁጥር 0713.31 የሚመድበው የተጣጣመ የጉምሩክ ሥርዓት እንዲሁም የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አሠራር ተማሪው ከመመረቁ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ናቸው። የብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲመራ ማድረጉም በዶላር የሚሸጥንና በብር የሚገዛን ነጋዴ ስሌት በእጅጉ የለወጠ በመሆኑ በክፍል ውስጥ ሊጠና የሚገባው ጉዳይ ነው።

ወደ ውጭ ገበያ የሚገቡባቸው መንገዶች

አንድ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ወይም ወጣት ባለሀብት ወደ ውጭ ገበያ ሲያስብ ከፊቱ በርካታ መንገዶች አሉ። ምርቱን በምርት ገበያው በኩል ለላኪ መሸጥ አነስተኛ ካፒታልና አነስተኛ ሥጋት ያለው ሲሆን ትርፉም በዚያው ልክ የተወሰነ ነው። በቀጥታ መላክ የተሻለ ዋጋ ያስገኛል፤ ነገር ግን ፈቃድ፣ ማበጠሪያ፣ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብና የታመነ ገዢ ይጠይቃል። ከውጭ ገዢ ጋር በኮንትራት ማምረት የገበያ ዋስትና ይሰጣል፤ ሆኖም የጥራትና የጊዜ ግዴታን ያስከትላል። በጋራ ኢንቨስትመንት የማቀነባበሪያ ፋብሪካ ማቋቋም ደግሞ እሴትን በአገር ውስጥ ያስቀራል፤ የሚጠይቀው ካፒታልና የአመራር ብቃት ግን ከፍተኛ ነው።

ትምህርቱ ከእነዚህ አንዱን «ትክክለኛ» ብሎ አይሰጥም። የሚያስተምረው የድርጅቱን አቅም፣ የገበያውን ጠባይና ሊሸከመው የሚችለውን ሥጋት መዝኖ መምረጥን ነው። አቅሙ ያልደረሰ ዩኒየን በቀጥታ ወደ መላክ ቢቸኩል የአባላቱን ሀብት ለአደጋ ያጋልጣል፤ አቅሙ የደረሰው ደግሞ በአገር ውስጥ ሽያጭ ብቻ ቢወሰን ሊያገኝ የሚገባውን ያጣል።

ከአገራችን ልምድ የሚቀሰሙ ሁለት ምሳሌዎች

ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጉዳዩን ለመረዳት የግድ የውጭ ኩባንያዎችን ታሪክ ብቻ ማንበብ አይጠበቅባቸውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ የሥራ አመራር ስምምነት ዕውቀትን በሽርክና አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አድርጓል። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ደግሞ ራሱ ዕውቀት ሰጪ ሆኖ በሎሜ ከተማ ከሚገኘው አስካይ አየር መንገድ ጋር በሽርክና መሥራት ጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የስታር አሊያንስ አባል ሆኗል። ይህ ሽርክናን በየደረጃው የመጠቀም ስትራቴጂ ጎልቶ የሚታይበት ነው።

ሁለተኛው የቡና የንግድ ምልክት ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በውጭ አገሮች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባደረገችው ጥረት ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ለረጅም ጊዜ ከተወያየች በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ተደርሷል። የጉዳዩ ፍሬ ነገር ስም ራሱ ሀብት መሆኑን ማሳየቱ ነው። ማሾ እንደ ቡና በጣዕሙ የሚታወቅ ምርት ባለመሆኑ ይህ ልምድ እንዳለ ሊቀዳ አይችልም። ይሁን እንጂ በንጽሕና፣ በወጥ የፍሬ መጠን፣ በመብቀል አቅምና በሰዓቱ በማስረከብ የሚታወቅ አቅራቢ መሆን በቡናው መንገድ ባይሆንም ወደዚያው ግብ ያደርሳል።

ትምህርቱን መማር ለሚፈልጉ

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ። ከእነዚህም የኢኮኖሚክስ መግቢያ፣ ሥራ ፈጠራና የዓለም አቀፍ ሁኔታዎች ኮርሶች ለዘርፉ መሠረት የሚጥሉ በመሆናቸው እንደ ማለፊያ ብቻ መታየት የለባቸውም። በቀጣዮቹ ዓመታት የትምህርት ክፍል ሲመረጥ ስያሜው ብቻ ሳይሆን የኮርሶቹ ዝርዝር መታየት ይኖርበታል። ዓለም አቀፍ ንግድን፣ የንግድ ሕግን፣ ሎጂስቲክስንና ፋይናንስን ያጣመረ ክፍል «ዓለም አቀፍ» የሚል ስም ባይኖረውም ለዓላማው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ማለፍ የሚጠበቅባቸው በመሆኑም ኮርሶችን በየወቅቱ አጥርቶ መያዝ ተገቢ ነው።

ለይፋት ተማሪዎች ቅርብ የሆነው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከሸዋ ሮቢት አንድ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ይገኛል። ቅርበቱ ለተማሪው ትልቅ ዕድል ነው፤ ለመመረቂያ የሚሠራው ጥናት በሌላ አገር ኩባንያ ላይ ሳይሆን በገዛ አካባቢው ምርት ላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ቶን ማሾ ከማሳ እስከ ጅቡቲ በየደረጃው ምን ያህል ወጪ እንደሚጨምር፣ ምን ያህል እንደሚባክን፣ የአርሶ አደሩ ድርሻ ከመጨረሻው ዋጋ ስንት እጅ እንደሆነ በቁጥር የሚያሳይ ጥናት ለተማሪው ዲግሪ፣ ለአካባቢው ማኅበራት ደግሞ የመደራደሪያ አቅም ይሆናል።

ቋንቋም ሊዘነጋ አይገባም። እንግሊዝኛ የውልና የሰነድ ቋንቋ ሲሆን ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛና ቻይንኛ የገበያ በር ይከፍታሉ። ከአፋርኛና ከአፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ጋር ያደገ የይፋት ወጣት ከተለያየ ባህል ጋር ተግባብቶ የመገበያየት ልምድ አስቀድሞ ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ይህ በኮርስ ብቻ የማይገኝ ሀብት ነው።

የሥጋት ትንተናም እንዲሁ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰበት ወቅት ነዋሪው በሕይወትና በንብረት ከባድ ዋጋ ከፍሏል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ውል ይስተጓጎላል፤ ውሉ የተስተጓጎለበት ገዢም ወደ ሌላ አቅራቢ ይዞራል። ተማሪዎች በውል ውስጥ ከአቅም በላይ ለሆነ ሁኔታ የሚቀመጠውን አንቀጽ፣ የጭነት ኢንሹራንስንና አማራጭ መሥመርን ሲያጠኑ የሚያጠኑት የወገናቸውን ኑሮ የሚመለከት ጉዳይ መሆኑን ሊገነዘቡ ይገባል።

ኢትዮጵያ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ አባል ናት፤ የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነትን በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን የድርድር ሂደት ላይ ትገኛለች። እነዚህ ስምምነቶች የሚከፍቷቸው ዕድሎች በራሳቸው ወደ ምርት ገበያ መጋዘን አይወርዱም። የስምምነቱን አንቀጽ አንብቦ የትኛው ምርት በምን ያህል ቀረጥ እንደሚገባ የሚለይ፣ የሥሪት አገር ማረጋገጫ የሚያዘጋጅ፣ የገዢውን መስፈርት ለአርሶ አደሩ በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ ባለሙያ ያስፈልጋል። በየኅብረት ሥራ ማኅበሩና በየዩኒየኑ እንዲህ ያለ አንድ ባለሙያ መገኘቱ፣ በመኸር ሰሞን ምርቱን ለመጀመሪያው ገዢ ባቀረበለት ዋጋ ለመስጠት በሚገደድና ዋጋ አነጻጽሮ በሚሸጥ አርሶ አደር መካከል ያለውን ልዩነት ይወስናል።